የታይታኒየም ዕቃ ለቤትዎ ያስፈልጋል? ከመግዛትዎ በፊት እንዴት እንደሚመዝኑት

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ የዕቃ መሸጫ ቆሜ ሳለሁ፣ ባለሱቁ ለአንዲት እናት ግራጫ መጥበሻ ከፍ አድርጎ እያሳየ «እናቴ፣ ይህ እኮ የአውሮፕላን ብረት ነው፤ ለልጅ ልጅ ይተርፋል» ሲላቸው ሰማሁ። ስለ ታይታኒየም የተናገረው ሐሰት አልነበረም፤ ታይታኒየም በእርግጥ በአውሮፕላን አካልና ሞተር ውስጥ ይሠራበታል፣ አይዝግም፣ ሰውነት ስለሚቀበለውም ሐኪሞች ለአጥንት መጠገኛና ለጥርስ ተከላ ይጠቀሙበታል። መጥበሻውን ገልብጠው ሲያዩት ግን ከሥሩ አሉሚኒየም መሆኑ በግልጽ ተጽፎ ነበር።

ዋጋ ከመጠየቅዎ በፊት ዕቃው ከቤት የሚወጣ መሆን አለመሆኑን ያስቡ። የታይታኒየም ዋነኛ ብልጫ ጠንካራ ሆኖ ሳለ ቀላል መሆኑ ነው፤ አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ታይታኒየም 4.5 ግራም ያህል ሲመዝን፣ በተለምዶ ኒኬል የምንለው የማይዝግ ብረት ግን ወደ 8 ግራም ይጠጋል። ከላሊበላ ተነሥቶ ከ4,200 ሜትር በላይ ወደሚደርሰው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ እንግዳ የሚመራ ሰው፣ ወይም ስንቁን አዝሎ ለገና በዓል በእግሩ የሚጓዝ ምእመን፣ ዳገቱ ላይ እያንዳንዷን መቶ ግራም ያውቃታል። ከመደርደሪያ ወደ ምድጃ ብቻ ለሚመላለስ ድስት ግን ቅለት ጥቅም የለውም፤ እንዲያውም ቀላል ድስት ወጥ ሲማሰል ከማማሰያው ጋር አብሮ ይዞራል።

ዕቃው የሚጓዝ ከሆነ፣ ቀጥሎ በእውነት ታይታኒየም መሆኑን ያረጋግጡ። «ታይታኒየም» የሚል ጽሑፍ የታተመባቸው ብዙ መጥበሻዎች አካላቸው አሉሚኒየም ሲሆን፣ ስሙን ያገኙት ምግብ እንዳይጣበቅ በተቀባው ሽፋን ውስጥ ጥቂት የታይታኒየም ብናኝ ስለተቀላቀለ ነው። ሽፋኑ ቴፍሎን ከሆነ ከ260 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ሲግል መበላሸት ይጀምራል፤ በተፋፋመ ከሰል ላይ ባዶውን የተጣደ መጥበሻ እዚያ ለመድረስ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል፤ የዕቃ ማጠቢያ ሽቦም ይልጠዋል። እንዲህ ያለውን በተራ መጥበሻ ዋጋ ካገኙት ይግዙት፤ ካልሆነ ይለፉት። ሙሉ በሙሉ ከታይታኒየም በተሠራ ዕቃ ላይ «ግሬድ 1» ወይም «ግሬድ 2» የሚል ጽሑፍ ይፈልጉ፤ ሁለቱም 99 በመቶና ከዚያ በላይ ንጹሕ ታይታኒየም ናቸው። «ግሬድ 5» የሚባለው 6 በመቶ አሉሚኒየምና 4 በመቶ ቫናዲየም የገባበት ቅይጥ ነው።

ጽሑፍ ማንም ሊያትመው ስለሚችል ዕቃውን ራሱን መፈተን ይሻላል። ማግኔት ሲጠጋው ከተሳበ ታይታኒየም አይደለም፤ ካልተሳበ ግን ገና ምንም አልተረጋገጠም፣ አሉሚኒየምም ሆነ አብዛኛው የኒኬል ዕቃ እምብዛም አይሳብምና። እኔ የምተማመንበት መፈተኛ የወርቅ ሠሪ ሚዛን፣ ክርና አንድ ጎድጓዳ ሳህን ውሃ ብቻ የሚፈልግ ነው። በመጀመሪያ ባዶውን ኩባያ ይመዝኑ፤ 90 ግራም ሆነ እንበል። ከዚያ ውሃ ያለበትን ሳህን ሚዛኑ ላይ አስቀምጠው ቁጥሩን ወደ ዜሮ ይመልሱና፣ ኩባያውን በክር አንጠልጥለው፣ የሳህኑን ሥርና ጎን ሳያስነኩ፣ አየርም ሳያስቀሩበት፣ ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ ያጥልቁት። ሚዛኑ 20 ግራም አካባቢ ካሳየ ኩባያው ታይታኒየም መሆኑን ማመን ይቻላል፤ ኒኬል ቢሆን 11፣ አሉሚኒየም ቢሆን 33 አካባቢ ባሳየ ነበር። የዕቃው ክብደት ምንም ይሁን ምን፣ ክብደቱን ሚዛኑ ባሳየው ቁጥር ሲያካፍሉት 4.5 አካባቢ ሊወጣ ይገባል። የፕላስቲክ እጀታና ክዳን ካለው አስቀድመው ይንቀሉ፤ በሁለት ግድግዳው መካከል ክፍት ቦታ ላለው ፔርሙዝ ግን ዘዴው አይሠራም። ባለሱቁ ዕቃውን ለማስነከር እምቢ ካለ፣ እኔ ብሆን ገንዘቤን ወደ ኪሴ እመልሳለሁ።

አሁን ደግሞ ዕቃውን ከሚሠሩበት ምግብ ጋር ያገናዝቡት። ብዙ ቤት ወጥ የሚጀምረው ቀይ ሽንኩርት ዘይት ሳይገባበት በዝግታ ሲቁላላ ነው፤ ይህም ሙቀት በድስቱ ወለል ላይ እኩል እንዲዳረስ ይጠይቃል። አሉሚኒየም ሙቀትን ከታይታኒየም አሥር እጥፍ ያህል ያስተላልፋል። ኒኬልም በዚህ ረገድ ከታይታኒየም የማይሻል ደካማ ነው፤ ሆኖም ጥሩ የኒኬል ድስት ሥሩ ወፍራምና ውስጡ አሉሚኒየም የተሸጎጠበት ስለሆነ ጉድለቱ ይካካሳል። የታይታኒየም ድስት ግን ክብደት እንዲቀንስ ተብሎ ስስ ሆኖ ስለሚሠራ፣ እሳት ያገኘው ቦታ ብቻ ይግልና ሽንኩርቱ መካከሉ እያረረ ዳር ዳሩ ጥሬውን ይቀራል። በውሰት ባገኘሁት አንድ የታይታኒየም ድስት ሽሮ ሠርቼ ነበር፤ ከሥሩ የያዘው ቃጠሎ የኤሌክትሪክ ምድጃውን ጥምዝ ሽቦ በልኩ ተከትሎ የተሣለ ይመስል ነበር። ውሃ ሲፈላ ራሱ ስለሚንቀሳቀስ ለሻይ ይህ ችግር አይፈጠርም። ቲማቲምና ሎሚን የመሰለ ኮምጣጣ ነገር አሉሚኒየምን ሲበላው ታይታኒየምን አይነካውም፤ ለዚህ ጥቅም ብቻ ከሆነ ግን ኒኬልም ይበቃል። ሽታ አለመያዙም እንደ ብልጫ ይነገራል፤ በወይራ የታጠነ ቅል ውስጥ የቆየ ወተት ለለመደ ሰው ይህ ምን ያህል ብልጫ እንደሆነ ለራሱ ልተወው።

በአሁኑ ጊዜ በብዛት የሚተዋወቀው የታይታኒየም መክተፊያ ነው። መክተፊያ የቢላዋውን ስለት ትንሽ መቀበል አለበት፤ የዋንዛ ጣውላ ይቀበላል፣ ብረት ግን አይቀበልም፣ ስለዚህ ቢላዋው ቶሎ ይደንዛል። «ባክቴሪያ አያስጠጋም» የሚባለውም ጥሬ ሥጋ ከተከተፈበት በኋላ በሳሙና ከመታጠብ አያድንም። የታይታኒየም ቢላዋ ደግሞ ከጥሩ ብረት ይልቅ ለስላሳ ስለሆነ ስለቱን አያቆይም፤ ለቁርጥ ሥጋ የሚሆን አይደለም። ኩባያው ውሃ ያጣራል ወይም ሕመም ይፈውሳል የሚልዎትን ሻጭ ከሌላው ንግግሩም ላይ ጥቂት ይቀንሱለት።

ከሁሉ ዋጋውን የሚያወጣው፣ እኔ እንደማየው፣ የመንገደኛ ባለ አንድ ግድግዳ ኩባያ ነው። እሳት ላይ ይጣዳል፣ ሙቀትን በዝግታ ስለሚያሳልፍ ከንፈርን እንደ አሉሚኒየም አይለበልብም፣ ቢወድቅ አይሰበርም። ባለ ሁለት ግድግዳውን ግን ፈጽሞ እሳት ላይ አይጣዱት፤ በመካከሉ የታፈነው አየር ሲግል ዕቃውን ሊያፈነዳው ይችላል።

ዋጋውን ሲያመዛዝኑ ተመሳሳይ ሊትር ከሚይዝ የኒኬል ዕቃ ጋር ያስተያዩትና ልዩነቱን በአምስት ዓመት ውስጥ ዕቃውን ይዘው ለሚወጡባቸው ቀናት ያካፍሉት። ልዩነቱ 2,000 ብር ቢሆንና በዓመት ሁለት ቀን ብቻ ቢጓዙበት፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ለአንድ የጉዞ ቀን 200 ብር ከፈሉ ማለት ነው፤ በየሳምንቱ ተራራ ለሚወጣ ሰው ግን ሂሳቡ ከ8 ብር አያልፍም። ሲከፍሉ ደግሞ የሚያልቀውን ክፍል ይመልከቱ፤ የታይታኒየሙ አካል ብዙ ዓመት ሲኖር የክዳኑ ጎማ ግን ቀድሞ ይሰነጠቃል። አካሉ ቢቀደድም፣ ታይታኒየም ሲግል ከአየሩ ኦክስጅን እየሳበ ስለሚሰባበር ብየዳው አርጎን ጋዝ ይፈልጋል፤ እንደ ብረት ድስት ለማንኛውም በያጅ ሰጥተው የሚያስጠግኑት አይደለም። ስለዚህ መለዋወጫ ጎማ መኖሩን ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ፤ ካለም ሁለት ጨምረው ይውሰዱ።