አካል ጉዳተኛ ፈረሰኛን ለማሳፈር፣ ለመደገፍና ለማውረድ

ፈረስ በዝግታ ሲራመድ ጀርባው ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳል፤ በመጠኑም ይዞራል። በላዩ የተቀመጠው ሰው ዳሌም ይህን ተከትሎ ይወዛወዛል፤ እንቅስቃሴው ሰው በእግሩ ሲሄድ ዳሌው ከሚያደርገው ጋር እጅግ የተቀራረበ ነው። በእግሩ ሄዶ የማያውቅ ልጅ እንኳ የእርምጃን ምት በወገቡና በጀርባው ያገኘዋል ማለት ነው። ፈረሱ በደቂቃ ወደ 100 እርምጃ ቢራመድ፣ 20 ደቂቃ የተቀመጠበት ሰው ሚዛኑን 2,000 ጊዜ ያህል ያስተካክላል፤ የሆዱና የጀርባው ጡንቻዎች ይህን ሁሉ ጊዜ ማንም ሳያዛቸው ይሠራሉ። ሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ወይም መልቲፕል ስክለሮሲስ (አንጎልንና ሕብለ ሰረሰርን የሚያጠቃ የነርቭ በሽታ) ያለባቸው፣ ከስትሮክ በኋላ የሚያገግሙና ሌሎችም ብዙ ሰዎች ወደ ፈረስ የሚመጡት በዋናነት ስለዚህ ነው።

ዴንማርካዊቷ ሊስ ሃርተል በ1944 እ.ኤ.አ. በፖሊዮ ከተያዘች በኋላ ከጉልበቷ በታች ያሉት ጡንቻዎች ሳይመለሱላት ቀሩ። ሆኖም በ1952 በሄልሲንኪ ኦሊምፒክ በድሬሳዥ፣ ማለትም ፈረሱ በፈረሰኛው ስውር ትእዛዝ ልዩ ልዩ አረማመዶችን በሚያሳይበት ውድድር፣ የብር ሜዳሊያ አገኘች፤ በ1956ም ደገመችው። ለመውጣትና ለመውረድ ሰው ይረዳት ነበር፤ ከወጣች በኋላ ግን ፈረሱን የምትመራው እርሷ ነበረች። እኔም በዚህ ጽሑፍ ደጋግሜ የማሳስበው ይህንኑ ነው፦ ድጋፍ በሚያስፈልግበት ቦታ ሳይጎድል ይሰጥ፤ በማያስፈልግበት ቦታ ደግሞ ይነሣ። ሌላ ሰው አጥብቆ የያዘው ሰውነት ራሱን መጠበቅ አይማርም።

በመጀመሪያ የሚሠራው ሥራ የትኛው እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ሂፖቴራፒ የሚባለው የፊዚዮቴራፒ፣ የኦኩፔሽናል ቴራፒ (የዕለት ተዕለት ተግባርን ለማከናወን የሚያግዝ ሕክምና) ወይም የንግግር ሕክምና ባለሙያ የፈረሱን እንቅስቃሴ ለሕክምና የሚጠቀምበት ሲሆን፣ ታካሚው ፈረሱን እንዲመራ አይጠበቅበትም። ቴራፒዩቲክ ግልቢያ ግን በሠለጠነ የግልቢያ አስተማሪ የሚሰጥ ትምህርት ነው፤ ዓላማውም አካል ጉዳተኛው በአቅሙ ልክ ፈረሰኛ እንዲሆን ነው። እዚህ የምጽፈው ስለ ሁለተኛው ነው።

ከፈረሱ በፊት ሐኪሙ

ማንም ሰው የሐኪሙ ፈቃድ ሳይመጣ ፈረስ ላይ አይቀመጥም። ዳውን ሲንድሮም ያለበት ሰው የመጀመሪያዎቹ ሁለት የአንገት አጥንቶች መገጣጠሚያ የላላ ሊሆን ስለሚችል፣ ሐኪሙ ይህን ነጥሎ እንዲያይለት መጠየቅ አለበት፤ ከጀመረም በኋላ የአንገት ሕመም፣ የአንገት መዝመም፣ የአረማመድ መለወጥ ወይም ሽንትን መቆጣጠር አለመቻል ከታየ ግልቢያው ወዲያው ይቋረጣል። መድኃኒት ያልተቆጣጠረው የሚጥል በሽታ፣ የጠና የአጥንት መሳሳት፣ ከቦታው የወጣ የዳሌ መገጣጠሚያ፣ በመቀመጫ አካባቢ ያለ ክፍት ቁስል፣ እንዲሁም የራስ ቁር ሲደረግለት ራሱን ቀና አድርጎ መያዝ አለመቻል ለመከልከል በቂ ምክንያቶች ናቸው። ይህን ለወላጅ መንገር ከባድ ነው፤ ልጁ ፈረሱን አይቶ በጓጓ ጊዜ ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል። ስለዚህ ወረቀቱ የሚጠየቀው ልጁ ወደ ግቢው ከመምጣቱ በፊት ነው። መቀመጥ የተከለከለ ሰው ፈረሱን ማበጠር፣ ማብላትና ከሌላ ሰው ጋር ሆኖ መሳብ ይችላል፤ ይህንንም እንደ ማጽናኛ ሳይሆን እንደ ሙሉ ትምህርት ማዘጋጀት ይገባል።

ፈረሱና ዕቃው

የፈረስ ምርጫ ከጠባይ ይጀምራል። ክራንች ሲወድቅ የማይደነብር፣ ልጅ በድንገት ሲጮኽ የማይበረግግ፣ ሰዎች በግራና በቀኝ ተጠግተውት ሲሄዱ የማይጨነቅ መሆን አለበት። ቀጥሎ አረማመዱ ይታያል፦ የማያነክስ፣ በአራቱም እግሩ እኩል ምት የሚረግጥ፣ ፍጥነቱን ሲያዘገዩትም ሆነ ሲያፋጥኑት ምቱ የማይበላሽ ይመረጣል። መንገደኛ የሚወደው፣ ሰውን የማያንገላታ ሰጋር ለዚህ ሥራ የግድ የተሻለ አይደለም፤ እዚህ የሚፈለገው የፈረሱ እንቅስቃሴ ወደ ፈረሰኛው እንዲተላለፍ እንጂ እንዲሰወር አይደለምና። ቁመቱ ደግሞ የጎን ደጋፊው ሳይንጠራራ ክንዱን የፈረሰኛው ጭን ላይ ማሳረፍ በሚችልበት ልክ ቢሆን ይመረጣል።

በክብደት በኩል በስፋት የሚሠራበት ልክ ፈረሰኛው ከነኮርቻው ከፈረሱ ክብደት 20 በመቶ እንዳይበልጥ ነው፤ ለ400 ኪሎ ፈረስ 80 ኪሎ ማለት ነው። ሚዛኑን መጠበቅ የማይችል ሰው ግን በፈረሱ ጀርባ ላይ ጫናው ስለሚያይል ከዚህ ዝቅ ማድረግ አስተዋይነት ነው።

የራስ ቁሩ ለፈረስ ግልቢያ የተሠራ እንጂ የብስክሌት አይሁን። እርካቡ ፈረሰኛው ቢወድቅ እግሩን የሚለቅ፣ ወይም እግሩ አልፎ እንዳይገባ ከፊት የተሸፈነ መሆን አለበት። የእግር ጡንቻው ለተወጠረ ሰው ብዙ ጊዜ ከኮርቻ ይልቅ እጀታ ባለው ቀበቶ የታሰረ ወፍራም ምንጣፍ ይሻላል፤ የፈረስ ሰውነት ሙቀት ወደ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሆነ ሙቀቱ በምንጣፉ አልፎ ጭኑን ያላላል። ፈረሰኛን ከኮርቻው ጋር ማሰር ግን ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ፈረሱ ቢወድቅ የታሰረው ሰው አብሮት ይወድቃል፣ ማንም ፈጥኖ ሊያወጣውም አይችልም።

ሳቢውና ደጋፊዎቹ

አዲስ ፈረሰኛ ሦስት ሰው ያስፈልገዋል፦ ፈረሱን የሚስብ አንድ፣ በግራና በቀኝ የሚሄዱ ሁለት ደጋፊዎች፤ አስተማሪው ደግሞ ሁሉንም ከሚያይበት ቦታ ሆኖ ይመራል። ችግር ቢፈጠር ማን ምን እንደሚይዝ አስቀድሞ የተቆረጠ ነው፦ ሳቢው የፈረሱ ነው፣ ደጋፊዎቹ የፈረሰኛው ናቸው። ፈረሱ ቢደነብር ሳቢው ዞሮ ፈረሰኛውን ለመያዝ አይሞክርም፤ ደጋፊዎቹም እጃቸውን ወደ ልጓሙ አይሰነዝሩም። ሳቢው በፈረሱ ራስና ትከሻ መካከል ይራመዳል፤ ትርፉን ገመድ በእጁ ላይ አይጠመጥምም፣ አጥፎ ይይዘዋል እንጂ።

የደጋፊው ዋና አያያዝ በጭን ላይ ነው። በግራ የሚሄደው በቀኝ ክንዱ፣ በቀኝ የሚሄደው በግራ ክንዱ የፈረሰኛውን ጭን ተሻግሮ የኮርቻውን ወይም የምንጣፉን የፊት ጠርዝ ይይዛል። ክንዱ ጭኑ ላይ ያርፋል እንጂ አይጫንም፤ ክርኑም የፈረሱን ጎን መውጋት የለበትም። ሚዛን የመጠበቅ ችግር የሌለበት፣ እግሩ ብቻ የሚዋልል ፈረሰኛ ከሆነ ቁርጭምጭሚቱን በቀስታ መያዝ ይበቃዋል። አስተማሪው በየጊዜው "አሁን ክንድህን አንሣ፣ ነገር ግን ተጠግተህ ሂድ" ማለት አለበት፤ እጅ የሚቀነሰው በዚህ መንገድ ነው። ክንዱ የዛለ ደጋፊ ዝም ብሎ አይታገሥ። ፈረሱ ይቆማል፣ አንደኛው ፈረሰኛውን በሁለት እጁ ሲይዝ ሌላኛው ወገን ይቀይራል፤ ሁለቱም ባንድ ጊዜ መልቀቅ የለባቸውም።

ማሳፈር

ከሁሉም በላይ አደጋ የሚያሰጋው ፈረሱ ሲራመድ ሳይሆን ሰው ሲወጣና ሲወርድ ነው። መወጣጫው ዊልቸር የሚያስገባ ስፋትና ቀስ በቀስ የሚወጣ ተዳፋት ያለው ሆኖ፣ የላይኛው ወለል ፈረሰኛው ከወንበሩ ወደ ፈረሱ ጀርባ ሳይሰቀል በሚያልፍበት ከፍታ መሠራት አለበት። ፈረሱ ተጠግቶ ይቆማል፤ በሌላው ጎኑ አንድ ደጋፊ በጠንካራ መቆሚያ ላይ ይቆማል። የዊልቸሩ ፍሬን ይያዛል፣ የእግር ማሳረፊያው ይነሣል፣ የኮርቻው ማሰሪያ እንደገና ይፈተሻል።

ቆሞ መሻገር የማይችል ሰው መጀመሪያ በፈረሱ ጀርባ ላይ ወደ ጎን ይቀመጣል። ከዚያ አስተማሪው ከኋላ ጀርባውን እየደገፈ፣ ሌላኛው ሰው ቀኝ እግሩን በጉልበቱና በተረከዙ ይዞ በፈረሱ አንገት ላይ በዝግታ ያሻግርለታል። እዚህ ላይ መቸኮል ትልቅ ጥፋት ነው። የተወጠረ እግር በኃይል ሲገፉት ይበልጥ ይወጠራል፤ እስኪላላ ድረስ መጠበቅ፣ ለፈረሰኛውም የሚቀጥለው ምን እንደሆነ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። ማስተላለፉ ሲያበቃ ፈረሱ ወዲያው ጥቂት እርምጃ ከመወጣጫው ይርቃል፤ እርካብ የሚስተካከለው ከዚያ በኋላ ነው።

በጉዞ ላይ

ለመጀመሪያው ቀን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል። ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀመጥ ብዙውን ጊዜ ጉልበቶቹን ያጣብቃል፣ ጣቶቹን ይጨብጣል፣ ትከሻዎቹን ወደ ጆሮው ይስባል። ትእዛዝ ማብዛት አይጠቅመውም። ፈረሱ በሰፊ መስመር በእኩል ምት ይራመድ፤ ከጥቂት ዙር በኋላ ትከሻው ወረድ ይላል፣ የተጨበጠው እጅ ተከፍቶ የፈረሱን ጋማ ይነካል፣ ደጋፊውም ጭኑ ከክንዱ ሥር ሲለሰልስ ይሰማዋል። ደጋፊው ክንዱን ማቅለል ያለበት በዚያች ቅጽበት ነው።

ከዚያ በኋላ ጠንካራው ልምምድ መቆምና መሄድ ነው። ፈረሱ ሲቆም የፈረሰኛው ደረት ወደ ፊት ያዘነብላል፣ ሲነሣም ወደ ኋላ፤ በሁለቱም ጊዜ ራሱን መልሶ ቀና ማድረግ አለበት። ቀና እስኪል ሁለት ሦስት ትንፋሽ መጠበቅ እንጂ ገፍቶ ማቃናት አይገባም። ጠባብ ዙር ፈረሰኛውን ወደ ውጭ ስለሚገፋው ለኋላ ይቆይ። ሶምሶማም ቢሆን ብዙዎች እንደሚያስቡት የእድገት ምልክት አይደለም፤ የዝግታ እርምጃ ብቻውን ለወራት የሚበቃ ሥራ አለው።

ቃል የማይናገር ፈረሰኛ "ሂድ" የሚልበት የራሱ ምልክት ይኑረው፤ የፈረሱን አንገት መታ ማድረግ ወይም ሥዕል መጠቆም ሊሆን ይችላል። ምልክቱን እስኪሰጥ ፈረሱ አይንቀሳቀስ፣ እንደሰጠ ግን ሳይዘገይ ይሂድ፤ ትእዛዙ እንደሠራ የሚያውቀው በዚህ ነው። ኦቲዝም ላለበት ልጅ የትምህርቱ ቅደም ተከተል በየቀኑ አንድ ዓይነት ቢሆን ይረጋጋል። ማየት የተሳነው ፈረሰኛ ከመውጣቱ በፊት ፈረሱን ከራሱ እስከ ጅራቱ ሥር በእጁ ይዳስሰው፤ በሜዳው ማዕዘኖች የቆሙ ሰዎችም በየተራ ድምፅ እየሰጡ አቅጣጫውን ያመልክቱት። ከ1996 እ.ኤ.አ. የአትላንታ ጨዋታዎች ጀምሮ በፓራሊምፒክ፣ ማለትም በአካል ጉዳተኞች ኦሊምፒክ፣ በሚካሄደው ድሬሳዥ ማየት የተሳናቸው ፈረሰኞች በዚህ ዓይነት ጠሪ ይረዳሉ።

ማውረድና ከዚያ በኋላ

ወደ መሬት ሲወርድ ሁለቱም እግሮቹ ከእርካብ መውጣታቸው በአስተማሪው ዓይን ይረጋገጣል፤ እግሩ መሬት ሲነካ ሊከዳው ስለሚችል ዊልቸሩ ወይም ክራንቹ በቅርብ ይዘጋጃል። ለድንገተኛ ጊዜ ደግሞ ሌላ አወራረድ አለ፦ አንዱ ደጋፊ ወገቡን አቅፎ ወደ ራሱ ሲስበው፣ ሌላው በማዶ እግሩን ከእርካብ አውጥቶ ያሻግርለታል፤ ሳቢውም ፈረሱን ከእነርሱ ያርቀዋል። ይህን ደጋፊዎች አካል ጉዳት በሌለበት ሰው ላይ አስቀድመው ደጋግመው ይለማመዱት።

ጆሮውን ወደ ኋላ የሚለጥፍ፣ ጅራቱን የሚያወናጭፍ፣ ማሰሪያው ሲጠብቅ ለመንከስ የሚዞር ፈረስ አሞት ወይም ደክሞት ሊሆን ስለሚችል በዕለቱ ሌላ ሰው አይጫንበት፤ ኮርቻው ሲወርድ ጀርባው በመዳፍ ይዳሰስ። መቀመጫው ስሜት የሌለው ፈረሰኛም ቤት እንደገባ ልብሱ ተከፍቶ ቆዳው ይታይ፤ ቀልቶ ቶሎ የማይመለስ ቦታ ከተገኘ እስኪድን ድረስ ግልቢያ አይኖርም፣ ለአስተማሪውም ይነገረዋል፤ ለሚቀጥለው ጊዜ ምንጣፉ ይቀየራል ወይም ጊዜው ያጥራል።