ለዚንክ ምርመራ ደም ስትቀዱ

የዚንክ ውጤት በአብዛኛው የሚበላሸው መለኪያ ማሽኑ ላይ ሳይሆን ገና ደም ሲቀዳ ነው። ዚንክ አቧራ ላይ አለ፣ ጓንት ዱቄት ላይ አለ፣ የተራ ቱቦ የላስቲክ ክዳን ውስጥ ሳይቀር አለ። ስለዚህ ዱቄት አልባ ጓንት አድርጉ፤ ቱቦውም ለማዕድን ምርመራ የተሠራው ባለ ደማቅ ሰማያዊ ክዳን ይሁን (ፈዛዛው ሰማያዊ የደም መርጋት መመርመሪያ ነው፤ እንዳትሳሳቱ)። ከየካርቶኑ ጥቂት ቱቦዎች ላይ የተጣራ ውሃ ጨምራችሁ አስቀድማችሁ አስለኩ። ዚንክ ከተገኘባቸው ካርቶኑን መልሱት።

ጠዋት በባዶ ሆድ መቅዳት ይመረጣል። ካልተቻለ የተቀዳበትንና መጨረሻ የተበላበትን ሰዓት መዝግቡ። ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት የእጥረት መለያው ጠዋት በባዶ ሆድ በዴሲሊትር 70 ማይክሮግራም ነው፤ ከሰዓት በኋላ ግን 59። ሰዓቱ ካልተጻፈ ቁጥሩ ትርጉም የለውም።

ቱቦውን አትናጡት። ቀይ የደም ሴል ከሴረም (ደም ሲረጋ ከሚለየው ፈሳሽ) እጅግ የበለጠ ዚንክ ስለሚይዝ፣ ሴሎቹ ከፈረሱ ውጤቱ በሐሰት ከፍ ይላል። ደሙ እንደረጋ ሳይቆይ በሴንትሪፊዩጅ (በማሽከርከሪያ ማሽን) ሴረሙን ለዩት፤ ማዘግየት ግድ ከሆነ በበረዶ ሳጥን አቆዩት። ሴረሙ ሮዝ ከመሰለ ሴሎቹ ፈርሰዋልና ድጋሚ ቅዱ።

ሲአርፒም (በሰውነት ውስጥ ብግነት መኖሩን የሚያሳይ የደም ምርመራ) አብራችሁ እዘዙ፤ ኢንፌክሽን ያለበት ሰው እጥረት ባይኖርበትም የደም ዚንኩ ይወርዳል።