የሚያሳክከው ውሻ ምን ይብላ?

ውሻችን ጃክ ሦስት ዓመት ሊሞላው ሲል ማከክ ጀመረ። መጀመሪያ መዳፉን ነበር የሚልሰው። ንጽሕና ወዶ ነው ብለን አለፍነው። ቀጥሎ ብብቱ ቀላ፣ ከሆዱ ሥር ፀጉሩ ሳሳ፣ ጆሮው መሽተት ጀመረ። ሌሊት ሲያክ እግሩ የቆርቆሮ ቤቱን እየደበደበ ቤተሰቡን ሁሉ ይቀሰቅስ ነበር። እኔም ጨንቆኝ ምግቡን መቀያየር ያዝኩ። አንድ ሳምንት ሩዝ፣ ሌላ ሳምንት ዳቦ በወተት፣ ከዚያ ከሱፐርማርኬት የተገዛ ደረቅ ምግብ። በየሳምንቱ ስቀይር የትኛው እንደጠቀመው፣ የትኛው እንደጎዳው ማወቅ አቃተኝ። እናንተም እንደኔ ወራት እንዳታባክኑ ነው ይኼን የምጽፈው።

መጀመሪያ ቁንጫውን ጨርሱ። የሚያሳክከው ውሻ ሁሉ ምግብ ነው ያሳከከው ማለት አይደለም። ብዙዎቹን የሚያስቸግራቸው ቁንጫ፣ እከክ ወይም አቧራና የአበባ ብናኝ ነው። ቁንጫ በዓይን ካልታያችሁ ይቺን ሞክሩ፦ ከጭራው መነሻ አካባቢ በጠባብ ማበጠሪያ አበጥሩትና የወጣውን ጥቁር ብናኝ እርጥብ ሶፍት ላይ አራግፉት። ብናኙ ቀይ ቡናማ ቀለም ከለቀቀ የቁንጫ ኩስ ነው፤ ያ ቀለም ከውሻው የተመጠጠ ደም ነው። ያኔ ግቢ ውስጥ ያሉ ውሾችና ድመቶች በሙሉ በአንድ ጊዜ መታከም አለባቸው። የሚተኛበት ጨርቅም በፈላ ውሃ ይታጠብ፤ እንቁላሉና ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ትል የሚቀመጠው እዚያ ነው።

የጆሮው ጠርዝና ክርኑ ከተላጠ፣ በተለይ ደግሞ እናንተንም ክንዳችሁንና ሆዳችሁን ካሳከካችሁ፣ እከክ ጠርጥሩ። ይኼን የሚለየው ቆዳውን ፍቆ በማይክሮስኮፕ የሚያይ የእንስሳት ሐኪም ነው። ተባዩ ቆዳ ውስጥ ስለሚቀበር በአንድ ምርመራ ባይታይም ሊኖር ይችላል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚቀቡ ሰዎች አሉ። እባካችሁ ተዉት። ቆዳውን ያቃጥለዋል፣ ሲልሰው ደግሞ ይመርዘዋል። ለከብት የተዘጋጀ የአይቨርሜክቲን (የተባይ ማጥፊያ) መርፌም በግምት አይሰጥም፤ እንደ ኮሊ ያሉ የውሻ ዝርያዎችን ሊገድል ይችላል። አዲስ አበባና አካባቢዋ የግል ክሊኒኮች አሉ። ቢሾፍቱ ላይ ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ሆስፒታል አለ። ጆሮው መግል ካለው ወይም ቆዳው ከቆሰለ እሱም አስቀድሞ ይታከም፤ ቁስሉ ራሱ ያሳክካል፣ እሱ ሳይድን የምግቡን ለውጥ ማየት አትችሉም።

ይኼ ሁሉ ተደርጎ አሁንም የሚያክ ከሆነ፣ ክረምት ከበጋ የማይለይ ከሆነ፣ ጆሮው እየዳነ ተመልሶ የሚያመው ከሆነ፣ መዳፉንና መቀመጫውን አካባቢ የሚልስ ከሆነ፣ በዚያ ላይ ሆዱ የሚነፋና ቶሎ ቶሎ የሚጸዳዳ ከሆነ፣ ያኔ ምግቡን መጠርጠር ያስኬዳል። «ከቡችላነቱ ጀምሮ የሚበላው ነው እኮ» ይባላል። እኔም ብዬዋለሁ። አለርጂ ግን የሚመጣው ሰውነቱ ደጋግሞ በለመደው ምግብ ላይ ነው፤ ለዓመታት በሰላም የበላው ነገር አንድ ቀን ሊያስቸግረው ይችላል።

የትኛው ምግብ ነው ታዲያ? እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ አንድ የጥናቶች ግምገማ የምግብ አለርጂ ካለባቸው 297 ውሾች 34 በመቶውን ያስቸገረው የበሬ ሥጋ ነበር። የወተት ተዋጽኦ 17፣ ዶሮ 15፣ ስንዴ 13 በመቶውን። አሁን የእኛን ሰፈር ውሻ ሳህን ተመልከቱ። ከልኳንዳ ቤት የመጣ ሳንባ፣ ጨጓራ፣ አጥንት፣ ቅንጥብጣቢ። ጠዋት ዳቦ በወተት። ከቤት የተረፈ ፍርፍር በቅቤ። ዋና ዋናዎቹ ተጠርጣሪዎች አንድ ሳህን ላይ ናቸው።

የተረፈ ወጥ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከአለርጂም የከፋ ነገር አለው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ቢበስልም ባይበስልም፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። ወጣችን ደግሞ ያለ እነሱ አይሠራም። ሽሮውም ቢሆን። ሌላው ነገር፣ ብዙ ቤት ሲጾም ውሻውም አብሮ ይጾማል። ለወራት እንጀራ በሽሮ ብቻ የበላ ውሻ ፀጉሩ ይደርቃል፣ ቆዳው እንደ ፎረፎር ይረግፋል። ይኼ የፕሮቲን፣ የዚንክና የቅባት እጥረት ሊሆን ይችላል። እንደዚህ ላለው ውሻ የአለርጂ ሙከራ አያስፈልገውም፣ የተሟላ ምግብ ነው የሚያስፈልገው። ስለዚህ ራሳችሁን መጀመሪያ ጠይቁ፦ ውሻዬ በቅጡ እየበላ ነው ወይ?

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የምግብ አለርጂን የሚያረጋግጠው አንድ መንገድ ብቻ ነው። ከዚህ በፊት በልቶት የማያውቀውን አንድ የፕሮቲን ዓይነትና አንድ ማጥገቢያ መርጣችሁ ለስምንት ሳምንት ያንን ብቻ ትሰጡታላችሁ። ከዚያ የድሮውን ምግብ ትመልሱና ታያላችሁ። በደም፣ በፀጉር ወይም በምራቅ እንመረምራለን ቢሏችሁ ለምግብ አለርጂ አይታመንም፤ ገንዘባችሁን ለምግቡ አውሉት።

ቁጭ በሉና በዕድሜው የበላውን ሁሉ ጻፉ። ልጆቹን ጠይቁ፣ ሠራተኛዋን ጠይቁ፣ ጥበቃውን ጠይቁ። እኛ ቤት ከዝርዝሩ የተረፈው ዓሣ ብቻ ነበር። ለአገራችን ውሾችም በአብዛኛው የሚቀናው ይኼ ይመስለኛል። ቆሮሶ ይሁን አምባዛ ይሁን ናይል ፐርች፣ ከዝዋይም ይምጣ ከጫሞ፣ አጥንቱ የወጣለትን ፊሌቶ ግዙ። ያለ ጨው፣ ያለ ዘይት፣ ያለ ቅመም በውሃ ቀቅሉት። እሾህ እንዳይቀር በጣታችሁ ፈትሹት። ጥሬ ዓሣ አትስጡት። ከሱ ጋር ድንች ወይም ስኳር ድንች ቀቅላችሁ ፈጭታችሁ ቀላቅሉለት። እኔ ግማሽ በግማሽ ነበር የማደርገው፤ በየሳምንቱ እመዝነውና ሲከሳ እጨምርለታለሁ። ድሬዳዋና ጅግጅጋ ያላችሁ፣ በልቶት የማያውቅ ከሆነ የግመል ሥጋም ጥሩ ነው። በግና ፍየልን ግን በመጀመሪያ ምርጫነት አልመክርም። ከበሬ ጋር ቅርብ ዘመድ ስለሆኑ በሬ የሚያስቸግረውን ውሻ እነሱም ሊያስቸግሩት ይችላሉ።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ዓሣና ድንች ብቻውን ካልሲየምና ሌሎች ማዕድናት ይጎድሉታል። ለጤናማ ጎልማሳ ውሻ ስምንት ሳምንት ችግር የለውም። ዓመት ላልሞላው ቡችላ፣ ለእርጉዝና ለምታጠባ ውሻ ግን ያለ ሐኪም አትጀምሩት።

የታሸገ ምግብ መግዛት የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ለዚህ ሙከራ የሚሆነው ፕሮቲኑ በጣም ተሰባብሮ ሰውነት እንዳያውቀው ተደርጎ የተሠራው የሕክምና ምግብ ነው። ውድ ነው፤ ካገኛችሁት ግን ያስተማምናል። ተራው ደረቅ ምግብ ፊቱ ላይ «በግ» ወይም «ዓሣ» ስለተባለ ብቻ አትመኑት፤ ጀርባውን ስታነቡት ዶሮም ስንዴም ታገኛላችሁ፣ ሲመረመሩ ደግሞ ጀርባቸው ላይ እንኳ ያልተጻፈ ሥጋ የተገኘባቸው አሉ። «እህል የሌለው» የሚለው ማስታወቂያም አያጓጓችሁ። ከስንዴ በቀር እህል ብዙ ጊዜ ጥፋተኛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እህል የሌላቸው፣ አተርና ምስር የበዛባቸው ምግቦች ከውሾች የልብ ሕመም ጋር ግንኙነት ይኖራቸው እንደሆነ ምርመራ መጀመሩን አስታውቆ ነበር።

አዲሱን ምግብ በአንዴ አትቀይሩ። በአምስት ስድስት ቀን ውስጥ ቀስ በቀስ ከአሮጌው ጋር እያቀላቀላችሁ አሸጋግሩት፣ አለዚያ ያስቀምጠዋል። ስምንቱን ሳምንት መቁጠር የምትጀምሩት አዲሱን ብቻ መብላት ከጀመረበት ቀን ነው። የምግብ አለርጂ ካለባቸው ውሾች ከአሥሩ ስምንቱ በአምስት ሳምንት፣ ዘጠኙ በስምንት ሳምንት ለውጥ ያሳያሉ። በሁለተኛው ሳምንት ተስፋ አትቁረጡ። ደብተር ያዙና ማታ ማታ ማሳከኩን ከዜሮ እስከ አሥር ቁጥር ስጡት። ጣዕም ያለው የትል ኪኒንም ብዙ ጊዜ የሥጋ ጣዕም አለውና ሌላ ዓይነት እንዲሰጣችሁ ለሐኪሙ ንገሩት። የማሳከክ ማስታገሻ መርፌ የተወጋ ከሆነም፣ ያሻለው መርፌው ይሁን ምግቡ መለየት ስለማይቻል ጊዜውን ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩበት።

ከሁሉም የሚከብደው ግን ሰው ነው። የመጀመሪያው ሙከራዬ አምስተኛው ሳምንት ላይ ተበላሸ። ጃክ ደህና እየሆነ መጥቶ በአንድ ጊዜ ጆሮው ቀላ። ለካ ጥበቃችን ምሳቸውን ሲበሉ ያካፍሉት ኖሯል። ለሦስት ዓመት አብሮ ያደረ ውሻ ዓይን ዓይናቸውን እያየ እንዴት ብቻቸውን ይብሉ? «ጋሼ፣ ተዉ» ማለቱ ብቻ አልሆነልኝም። የተቀቀለ ዓሣ በትንሽ በትንሹ ቆርጬ በጣሳ ሰጠኋቸው፤ ማካፈል ሲያምራቸው ከዚያ ይሰጡታል። በዚህ ተግባባን። ልጆችም ካሉ እንደዚሁ አድርጉ። ጎረቤት በአጥር ላይ አጥንት የሚወረውር ከሆነ ሄዳችሁ አስረዱ። አንዲት ቁራጭ ሥጋ ቆጠራውን ወደ ኋላ ትመልሳለች።

ሁለተኛውን ሙከራ የጀመርኩት በሁዳዴ መጀመሪያ ነው። ለጿሚ ቤት ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ ስምንት ሳምንት 56። ቤት ውስጥ ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ ቅቤ የለ፣ ቅርጫ የለ። የሚወድቅ ነገር ራሱ ያነሰ ነው። ዓሣ በጾም ወቅት ተፈላጊ ስለሆነ ትንሽ ይወደዳል፣ በብዛት ገዝታችሁ ፍሪዘር ውስጥ ብታስቀምጡ ይሻላል። የፋሲካ ዕለት ጃክን ጓሮ አሰርኩትና የእንግዳ አጥንት እንዳይደርሰው አደረግሁ። (በበዓል ጥሬ ሳንባና ጉበት ለውሻ መስጠትን በሙሉ ተዉት። ውሃ የቋጠረ እጢ ያለበት ከሆነ ውሻው ትል ይይዘዋል፣ እንቁላሉ ከውሻው ወደ ሰው ተላልፎ ጉበትና ሳንባ ላይ እጢ ይሠራል።)

በስድስተኛው ሳምንት መዳፉን መላስ ትቶ ነበር። በደብተሬ ላይ ከስምንት ወደ ሁለት ወርዷል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። እኔም ፈርቼ ነበር፣ ግን መመለስ ያስፈልጋል፤ የዳነው በምግቡ ይሁን ቁንጫው በመጥፋቱ ይሁን የሚለየው በዚህ ነው። ከፋሲካ ማግሥት ጀምሮ በየቀኑ ትንሽ የተቀቀለ የበሬ ሥጋ ጨመርኩለት። በሦስተኛው ቀን ጆሮው ቀላ፣ በአራተኛው መላስ ጀመረ። አቆምኩ። ወደ ዓሣው ሲመለስ በሁለት ሳምንት ገደማ ረጋ። እናንተም የድሮውን ምግብ መመለስ ከጀመራችሁ እስከ 14 ቀን ጠብቁ፤ አንዳንዱ ቶሎ አያሳይም። ከዚያ ወተቱን ለብቻ፣ ዳቦውን ለብቻ፣ ዶሮውን ለብቻ እንደዚሁ ፈትኑ። ጃክ ዳቦና ዶሮ ምንም አላደረጉትም። በሬና ወተት ብቻ ነው የከለከልኩት።

ጥፋተኛውን ካወቃችሁ በኋላ ለዘለቄታው የተሟላ ምግብ ምረጡ። ወይ እነዚያ ነገሮች የሌሉበት ደረቅ ምግብ፣ ወይ ሐኪም ያዘዘው የካልሲየምና የማዕድን ማሟያ የተጨመረበት የቤት ምግብ። የዓሣ ዘይት ለቆዳው ይረዳል፣ ግን ሙከራው ካለቀ በኋላ ጀምሩት፤ ለውጡን ለማየት ሁለት ሦስት ወር ይፈልጋል። ተልባ ይተካዋል ወይ የሚሉ አሉ። ውሻ የተልባን ቅባት ወደሚጠቅመው ዓይነት የሚለውጠው በጣም በጥቂቱ ስለሆነ አይተካውም። የዓሣ ጉበት ዘይት የሚባለው ደግሞ ሌላ ነው፤ ቫይታሚን ኤ እና ዲ ስለሚበዛበት በግምት አትስጡት።

ስምንት ሳምንት በትክክል ጠብቃችሁ ምንም ለውጥ ካላያችሁ፣ ውሻችሁን ምግብ አይደለም የሚያሳክከው ማለት ነው። ወደ ድሮው ምግቡ መልሱት፣ ወጡን ግን አይደለም። ደብተራችሁን ይዛችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። የቤት አቧራና የአበባ ብናኝ የሚያስቸግረው ውሻ ሌላ ሕክምና አለው። ሐኪሙም ምግቡ ተፈትሾ እንዳለቀ በጽሑፍ ሲያይ ከዚያ ቀጥሎ ካለው ይጀምርላችኋል።