ፎቶው ኮምፒውተሩ ላይ አለ፣ ፍለጋው ግን አያገኘውም፦ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ፎቶዎቼ ጠፉ» የተባለበት ኮምፒውተር ሲፈተሽ፣ ብዙውን ጊዜ ፎቶው እዚያው ዲስኩ ላይ ቁጭ ብሎ ይገኛል። ፍለጋው በማያውቀው ስም ተጠይቋል፣ ወይም እንዲያይ ያልተነገረው ቦታ አለ። ይህን ሳያጣሩ «ፎርማት ይደረግልኝ» ብሎ ሱቅ መሮጥ ነው እውነተኛውን ጥፋት የሚያመጣው። የምጽፈው ስለ ዊንዶውስ 10 እና 11 ነው።

ታች ባለው ሳጥን ብቻ ፈልጎ ተስፋ መቁረጥ

ከስታርት አጠገብ ያለው የፍለጋ ሳጥን በጠየቃችሁት ቁጥር ዲስኩን አያስስም። አስቀድሞ ያዘጋጀውን መዝገብ ነው የሚያየው፤ ኢንዴክስ ይባላል። እዚያ ያልገባ ፋይል ለእሱ የለም። ክላሲክ በሚባለው የተለመደ አሠራሩ ደግሞ የሚመዘግበው ዴስክቶፕን እና እንደ ዶክመንትስና ፒክቸርስ ያሉ የተጠቃሚውን ፎልደሮች ነው።

አሁን የኛን ቤት ላፕቶፕ አስቡት። ዊንዶውስ የጫነው ልጅ ዲስኩን ሲ እና ዲ ብሎ ከፍሎታል። «ሲ ላይ ምንም እንዳታስቀምጡ፣ ፎርማት ሲደረግ ይሄዳል» ብሎም መክሯል። ምክሩ ጥሩ ነው። ስለዚህ የቤተሰቡ ፎቶ በሙሉ ዲ ላይ ተቀምጧል፤ መዝገቡ ግን ስለ ዲ ምንም አልሰማም።

ለጊዜው መፍትሔው ቀላል ነው። ፋይል ኤክስፕሎረርን ክፈቱ፣ ዲ ውስጥ ግቡ፣ ከላይ በቀኝ ባለው ሳጥን ፈልጉ። ይዘገያል፣ ግን ፋይሎቹን አንድ በአንድ ያያል። በዘላቂነት ደግሞ ሴቲንግስ ውስጥ ወደ ፍለጋው ክፍል ገብታችሁ ክላሲክን ወደ ኢንሃንስድ መቀየር ትችላላችሁ፤ ያኔ መላው ኮምፒውተር ይመዘገባል። ማሽኑ አሮጌ ከሆነ እኔ ይህን አልመክርም፣ ያንገዳግደዋል። የፎቶውን ፎልደር ብቻ ለይቶ ኢንዴክሲንግ ኦፕሽንስ ውስጥ መጨመር ይበቃል። ኤቭሪቲንግ የሚባለው ነፃ ፕሮግራምም አለ። የዲስኩን የፋይል ሰንጠረዥ በቀጥታ ስለሚያነብ ስም በተጻፈ ቅጽበት ውጤት ያወጣል።

ፎቶውን በምናስታውሰው ነገር መፈለግ

እኛ «የእማዬ ልደት» ብለን እናስታውሳለን። ካሜራው ግን ፋይሉን አይኤምጂ ወይም ዲኤስሲ ብሎ ቁጥር ቀጥሎበታል። የኮምፒውተሩ ቴሌግራም ያወረደው ፎቶ ስሙ የእንግሊዝኛው «ፎቶ» ከቀንና ሰዓት ጋር ነው፤ የሚቀመጠውም ዳውንሎድስ ውስጥ ቴሌግራም ዴስክቶፕ በሚባል ፎልደር ነው። ዋትስአፕም እንደዚሁ የራሱን ስም ከቀን ጋር ይለጥፋል። እማዬ የትም የለችም።

የተለመደው የዊንዶውስ ፍለጋ ፎቶ ውስጥ ያለውን ሰው፣ ኬክ ወይም ጽሑፍ አያይም። ኮፓይለት ፕላስ የሚባሉት አዳዲስ ላፕቶፖች ይህን መሞከር ጀምረዋል፤ ግን እነሱን የያዘ ሰው በዙሪያዬ ብዙም አላይም። ለሌሎቻችን መንገዱ ፎልደሩን በወጉ መሰየም ነው። አንድ ሺህ ፎቶ ስም መቀየር ማንም አይችልም፣ አንድ ፎልደር ግን ሁሉም ይችላል።

«ጄፒጂ» ብሎ መጻፍ

ጄፒጂ በፋይሉ ስም መጨረሻ፣ ከነጥብ በኋላ የሚመጣ የፋይል ዓይነት መለያ ነው። ፎቶ ሁሉ ግን ጄፒጂ አይደለም። ከነጥቡ በኋላ «ጄፔግ» ተብሎ በረጅሙ የተጻፈ አለ፣ ስክሪንሾት ብዙውን ጊዜ ፒኤንጂ ነው፣ ከድረ ገጽ የወረደው ዌብፒ ሊሆን ይችላል። አይፎን ደግሞ ከ2017 ወዲህ በሄይክ (HEIC) ያነሳል። አንዱን ብቻ ከጻፋችሁ ሌሎቹ አይመጡም። በፋይል ኤክስፕሎረር ስትፈልጉ በሚወጣው የሰርች ኦፕሽንስ ዝርዝር ውስጥ ካይንድ የሚለውን ነክታችሁ ፒክቸር ምረጡ። የአይፎኑ ካልመጣ እሱን ለብቻው ፈልጉት።

በአማርኛ የተሰየመውን እንደ ሰው ይረዳኛል ብሎ መጠበቅ

ይህ የኛ ብቻ ጣጣ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ለእኛ «ሰርግ» እና «ሠርግ» አንድ ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ሰ እና ሠ፣ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ፣ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። ፎልደሩን እህታችሁ «ፀሐይ» ብላ ሰይማው እናንተ «ጸሀይ» ብላችሁ ከፈለጋችሁ፣ መልሱ «ምንም የለም» ነው። የትኛው ትክክል ነው የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን አቆዩትና ሁለቱንም ሞክሩ።

ሁለተኛው ነገር ከዚህም በላይ ያታልላል። ዊንዶውስ የጻፋችሁትን ከፋይሉ ስም ጋር የሚያነጻጽረው ከቃሉ መጀመሪያ ነው። እንግሊዝኛ ላይ ይህ ብዙ አያስቸግርም። አማርኛ ግን የ፣ በ፣ ለ እና ከን ከቃሉ ጋር ያጣብቃል። «የሰርጋችን ፎቶ» የተባለው ፋይል «ሰርግ» ሲባል አይመጣም፤ የሚጀምረው በ«የ» ነው፣ «ግ»ም «ጋ» ሆኗል። መፍትሔው የኮከብ ምልክት (*) ነው። ከፊትና ከኋላ ኮከብ አድርጋችሁ የማይቀያየሩትን ፊደላት ብቻ ጻፉ። ለዚህኛው *ር* እንኳ ይበቃል፤ ውጤቱ ይበዛል፣ ግን ፎቶው ውስጡ አለ።

በእኛ ዘመን አቆጣጠር መፈለግ

ካሜራውም ዊንዶውሱም የሚያውቁት የፈረንጅ ቀን ነው። የ2016 ጥምቀት ፎቶ ፋይሉ ላይ የሚነበበው ጃንዋሪ 20፣ 2024 ተብሎ ነው። 2016 ብላችሁ ካጣራችሁ የስምንት ዓመት ዕድሜ ልዩነት ያለው ሌላ ፎቶ ይመጣል።

ሌላም ወጥመድ አለ። በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ሲጨመቅ የተነሳበት ቀን ከውስጡ ይወጣል። ኮምፒውተሩ የሚያየው የወረደበትን ቀን ነው። የአምና ሰርግ ዘንድሮ ከተላከላችሁ ዘንድሮ ላይ ፈልጉት። ቀኑ እንዲቆይ ከፈለጋችሁ ላኪውን «እንደ ፋይል ላክልኝ» በሉት።

ፍላሹ ባዶ ሲመስል ፎርማት ማድረግ

ፍላሽ ሲከፈት ፎልደሮቹ ጠፍተው ሾርትከት ብቻ ይታያል። ወይም ምንም አይታይም። ፍለጋውም ባዶውን ይመለሳል። ኢንተርኔት ቤትና ፎቶ ኮፒ ቤት የሚመላለስ ፍላሽ ያለው ሁሉ ይህን ቫይረስ ያውቀዋል። ፎቶዎቹን አብዛኛውን ጊዜ አያጠፋቸውም፣ ይደብቃቸዋል።

መጀመሪያ ሾርትከቱን እንዳትከፍቱት። ፍላሹ ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ፕሮፐርቲስ ውስጥ የተያዘውን መጠን እዩ። ባዶ የሚመስለው ፍላሽ 12 ጊጋ ተይዟል ካለ ፎቶው አለ። ከዚያ ፎልደር ኦፕሽንስ ውስጥ ቪው የሚለው ጋ ገብታችሁ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርጉ። ብዙዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ። ቫይረሱ ግን ፎልደሮቹን የሲስተም ፋይል ጭምር ያስመስላቸዋል። ስለዚህ ከታች የሲስተም ፋይሎችን የሚደብቀውን ምልክት አንሱ፤ ዊንዶውስ ያስጠነቅቃል፣ ፍቀዱ። ፎቶዎቹ ብቅ ሲሉ ኮምፒውተሩ ላይ ገልብጡ፣ በዊንዶውሱ ፀረ ቫይረስ በዲፌንደር አስፈትሹ፣ ምልክቱን መልሱ። ፍላሹን ያኔ ፎርማት አድርጉት፣ ማንም አይከለክላችሁም።

ኮምፒውተሩ ላይ የሌለውን መፈለግ

በኬብል የተሰካ ስልክ መዝገቡ ውስጥ አይገባም። ጎግል ፎቶስ ላይ ያለውም ካላወረዳችሁት ዲስካችሁ ላይ የለም። አጭር ነው፣ ግን ብዙ ሰው ሰዓቱን የሚያቃጥለው እዚህ ነው።

መዝገቡን በመጀመሪያ ማፍረስ

ኢንዴክሱን አፍርሶ እንደ አዲስ የሚያዘጋጀው ሪቢልድ የሚለው ቁልፍ ይሠራል፣ ግን መጨረሻ ላይ ነው መነካት ያለበት። ከእሱ በፊት ዊንዶውስ ሰርች የሚባለው፣ ከጀርባ ሆኖ ፍለጋውን የሚያሠራው ሰርቪስ መሥራቱን እዩ። «ኮምፒውተር ለማፍጠን» የሚሉ ቪዲዮዎች ይህን አስጠፍተዋችሁ ሊሆን ይችላል። ሪቢልድ ከተባለ በኋላም ፎቶው የበዛበት ማሽን ሰዓታት ይወስዳል፤ በባትሪ ደግሞ ዊንዶውስ ሆን ብሎ ያዘገየዋል። መብራት ባለበት ምሽት ሰክታችሁ ተዉት። ሳያልቅ ፈልጋችሁ «አሁንም አይሠራም» አትበሉ።

በእርግጥ ተሰርዞ ከሆነ እዚያው ዲስክ ላይ ማውረድ

ሪሳይክል ቢንን ለብቻው ከፍታችሁ እዩ። ከፍላሽ የተሰረዘ ግን እዚያ አይገባም። ፎቶው ከፎልደሩም ከሪሳይክል ቢንም ከጠፋ፣ በዚያ ዲስክ ላይ ምንም አትጻፉ። የተሰረዘው ፎቶ ቦታው ክፍት ተብሎ ስለሚቆጠር አዲስ የሚወርድ ነገር ሁሉ ሊያርፍበት ይችላል። ዲስኩ ኤስኤስዲ የሚባለው ፈጣን ዓይነት ከሆነ ፎቶውን የመመለስ ዕድሉ ቶሎ ይጠባል። ማይክሮሶፍት በ2020 ያወጣው ዊንዶውስ ፋይል ሪከቨሪ ነፃ ነው፤ ትእዛዝ በመጻፍ ስለሚሠራ ለጀማሪ ያስቸግራል፣ የሚችል ሰው አጠገባችሁ አስቀምጡ። የተገኘውን ፎቶም ወደ ሌላ ዲስክ አውጡት፤ ፕሮግራሙ ራሱ ከተሰረዘበት ዲስክ የተለየ መድረሻ ይጠይቃችኋል።