በደብረ ብርሃን ብርድ ችግኝ በቤት ውስጥ ማፍላት

ሸዋ ሮቢት የሚኖር ሰው ይህ ምክር አያስፈልገውም፤ ቆላው ዘሩን ደጅ ያበቅልለታል። እኛ ደብረ ብርሃን ላይ ያለነው ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ነን። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ በቀዝቃዛ መሬት ላይ የተዘራ የቲማቲም ዘርም ሳይበቅል ይበሰብሳል። የበልጉ ዝናብ ሲይዝ የደረሰ ችግኝ በእጃችሁ እንዲኖር ከፈለጋችሁ ከጥር አጋማሽ ጀምራችሁ ቤት ውስጥ አፍሉ።

ቃሪያና ቀይ ሽንኩርት ቀርፋፎች ስለሆኑ ቀድመው ይዘራሉ፤ ሽንኩርቱ ለመዛወር ሁለት ወር ገደማ ይፈልጋል። ቲማቲም ይከተላል። ጥቅል ጎመንና ሰላጣ ቢዘገዩ፣ የካቲት አጋማሽ ላይ ቢዘሩ፣ ይደርሳሉ። ካሮትን አታፍሉ። ሥሩ ሲዛወር ስለሚጎዳ ቅርንጫፍ አውጥቶ ይጣመማል፤ እርሱን በቀጥታ መደቡ ላይ ዝሩት።

አፈሩ ላይ አትቸኩሉ። ሁለት እጅ የጓሮ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ፣ አንድ እጅ የወንዝ አሸዋ በወንፊት ነፍታችሁ ቀላቅሉ። የእኛ ጥቁር አፈር ብቻውን ውሃ ይቋጥራል፤ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። እበቱ ሁሉ ኩበት ሆኖ በሚነድበት አገር ፍግ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ ከብት ያለውን ጎረቤት አስቀድማችሁ ለምኑ። ትኩስ እበት ግን አታስገቡ፣ ለጋውን ሥር ያቃጥላል። ድብልቁ ላይ የፈላ ውሃ አፍስሳችሁ እስከ ማግስቱ ተዉት፤ ችግኝ የሚያበሰብሰው ሻጋታ ይቀንሳል።

ለዕቃው ገንዘብ አታውጡ። የዘይት ጀሪካን በጎኑ ቀድዳችሁ፣ ከሥሩ በጋለ ምስማር ብሱት። የቲማቲምና የሽንኩርት ዘር አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ይቀበራል፤ የሰላጣ ዘር ብርሃን ስለሚወድ ስስ አፈር ብቻ በቂው ነው። ለብ ባለ ውሃ አርጥባችሁ በፌስታል ሸፍኑት።

ቲማቲምና ቃሪያ ለመብቀል ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋሉ። ቤታችን ሌሊት እዚያ አይደርስም፤ እንጀራ የሚጋገርበት ማድቤት ግን ከሌላው ክፍል ይሻላል። ዕቃውን እሳቱ በማይነካው መደርደሪያ ላይ አኑሩት። ቲማቲም በሳምንት ወይም ትንሽ ቆይቶ ብቅ ይላል፤ ቃሪያ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላልና ተስፋ ቆርጣችሁ አትድፉት።

ከሁሉ በላይ አጥብቄ የምነግራችሁ ይህን ነው፤ የመጀመሪያው ቡቃያ ጎንበስ ብሎ እንደታየ፣ በዚያው ቀን ፌስታሉን አንሥታችሁ ወደ መስኮት ውሰዱት። ብዙ ሰው “ይሙቀው” ብሎ ማድቤት ያቆየዋል፤ ጨለማ ውስጥ የሞቀ ቡቃያ ግን ቀጥኖ ይመዘዝና ይወድቃል። በጥርና በየካቲት ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት ምረጡ። ዕቃውን በየቀኑ አዙሩት፤ ሲመሽ ከመስታወቱ አርቁት።

ውሃ ጠዋት ብቻ። ግንዱ አፈሩ ጋ ጠቁሮ የቀጠነ ችግኝ ካያችሁ ከነአፈሩ አውጡትና ማጠጣቱን ቀንሱ። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅጠሎች በኋላ እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ ለየብቻ አዛውሩት፤ የምትይዙት ቅጠሉን እንጂ ግንዱን አይደለም። የተመዘዘ ቲማቲም እስከ ቅጠሉ ድረስ ቢቀበር ከግንዱ ሥር ያወጣል።

ደጅ ከመትከላችሁ በፊት አንድ ሳምንት ወይም አሥር ቀን አለማምዱት። በመጀመሪያው ቀን ነፋስ በማያገኘው ጥላ ሥር ለአንድ ሰዓት፣ ከዚያ በየቀኑ እየጨመራችሁ፣ ማታ ማታ ወደ ቤት። መጋቢት መጨረሻ ላይ፣ ፀሐይ ሲበርድ፣ ጎመኑን በ40 ሳንቲ ሜትር ርቀት ትከሉ። ቲማቲሙን ግን ሜዳ ላይ አትስጡት፤ ቀን የሞቀ የድንጋይ ግንብ ሥር ትከሉት። ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ባረፈበት ምሽት ደግሞ ጆንያ አልብሱት።