የጥንት ሸራ ጣሪያ መኪኖችን የብረት ዕቃ ሲፈልጉና ሲጠግኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከአሰብ ወደብ የሚመጣው መንገድ በባቲ በኩል አልፎ ኮምቦልቻ ላይ ከደሴው መንገድ ጋር ስለሚገናኝ፣ ወሎ ለብዙ ዘመን የመኪና መተላለፊያ ሆና ኖራለች፤ ጣሪያቸው የሚታጠፍ ሸራ የሆነ ጥቂት አሮጌ መኪኖችም ዛሬ በግቢዎች ውስጥ ቆመው ይታያሉ። ሞተራቸው በብልህ መካኒክ እጅ ይነሣል፣ ሸራቸውም እንደ አዲስ ይሰፋል። የሸራው አጥንት የሚታጠፍባቸው ማጠፊያዎች፣ ጣሪያውን ከፊት መስታወቱ ፍሬም ጋር አጥብቀው የሚይዙት መቀርቀሪያዎችና የበር እጀታዎች ግን አንዴ ከጠፉ ምትካቸውን ማግኘት እጅግ ከባድ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ ዕቃ የሚያጠፋው ስህተት የዕቃው ማዕድን ምን እንደሆነ ሳይለዩ ወደ በያጅ መሮጥ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ ብዙ እጀታና ጌጥ ከዚንክ ቅይጥ ይሠራ ነበር፤ ይህ ቅይጥ በ385 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል፣ ብረት ግን እስኪቀልጥ 1,500 ዲግሪ ያህል ይፈልጋል። እኔ ራሴ አንድ የተሰነጠቀ መቀርቀሪያ ኮምቦልቻ ውስጥ ወደሚገኝ ጋራዥ ወስጄ፣ ኤሌክትሮዱ በነካው ቅጽበት እንደ ሰም ሲፈስ ቆሜ አይቻለሁ፤ የዚያ ዕቃ ጓደኛ እስከ ዛሬ አልተገኘልኝም። መለየቱ ከባድ አይደለም። ማግኔት በደንብ ከያዘው ብረት ነው፤ ዕቃው ከላይ የሚለበጥበት ኒኬል ራሱ በማግኔት ስለሚሳብ ግን ደካማ መሳብ ሊያታልልዎ አይገባም። ካልያዘው በማይታየው ጀርባው ላይ በሞረድ ጥቂት ይፈትጉት፦ ቢጫ ከወጣ ናስ፣ ነጭና ቀላል ከሆነ አሉሚኒየም፣ ነጭ ሆኖ ከከበደ የዚንክ ቅይጥ ነው። የተሰበረ የዚንክ ቅይጥ በሁለቱም ወገን ቀጭን ቀዳዳ ተበስቶለት፣ በመካከሉ የብረት ዘንግ ገብቶ በኢፖክሲ ማጣበቂያ ቢያያዝ ይሻላል። ዕቃው አብጦ መረብ በመሰለ ስንጥቅ ከተሸፈነ ግን ሕመሙ ከውስጥ ስለሆነ ጥገና አያድነውም፤ ቅጂውን ለማሠራት በናሙናነት ያስቀምጡት።

ቅጂ በማሠራት ላይም የተለመደ ስህተት አለ። በላሊበላ አካባቢ መስቀል የሚሠሩ ባለእጆች የሚያውቁት በሰም ቅርጽ የማፍሰስ ጥበብ ለናስ መቀርቀሪያም ይሆናል፤ ነገር ግን አሮጌውን ዕቃ እንዳለ ለቅርጽ ማውጫ ያደረገ ሰው ያነሰ ዕቃ ይደርሰዋል። ናስ ሲቀዘቅዝ 1.5 በመቶ ያህል ስለሚሸማቀቅ፣ 100 ሚሊ ሜትር የነበረው ማጠፊያ 98.5 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይወጣል፤ ቀዳዳዎቹም ከሸራው አጥንት ቀዳዳዎች ጋር አይገጥሙም። ስለዚህ የሰሙ ቅርጽ በዚያው መጠን እንዲተልቅ፣ ቀዳዳዎቹም ከፈሰሰ በኋላ በትክክለኛው ልኬት እንዲበሱ ከባለእጁ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ።

የብሎን ጥርስ ሌላው የጥፋት በር ነው። የጥንት የእንግሊዝ መኪኖች ብሎን በኢንች የሚለካ ሲሆን፣ የጣሊያንና የጀርመኖቹ በሚሊ ሜትር ነው። አምስት አሥራ ስድስተኛ ኢንች 7.94 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ለዓይን ከ8 ሚሊ ሜትር ብሎን አይለይም፤ ሁለትና ሦስት ዙር በእጅ ከገባ በኋላ ግን ይጠብቃል፣ በመፍቻ ሲገፉትም የጥንቱን ጥርስ ይላጨዋል። በእጅ ያልገባ ብሎን በጉልበት አይገባም።

ዕቃውን ለማብረቅ በካርታቬትሮ መፈተግም ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ክሮሙ እጅግ ስስ ሽፋን ሲሆን የውበቱ መሠረት ከሥሩ ያለው ኒኬል ነው፤ ሁለቱ ከተላጡ የሚመልሳቸው የልባጭ ባለሙያ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ መጨረሻ በፊት የተሠራ መኪናማ የሚለበጠው በአብዛኛው በኒኬል ስለነበር፣ ያንን በክሮም ማስለበጥ ዕቃውን ከዘመኑ ማራቅ ይመስለኛል።

ፍለጋውን በተመለከተ፣ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ድረስ የመኪናውን ስም ብቻ ይዞ መሄድ ድካም ነው። እ.ኤ.አ. ከ1949 ጀምሮ የቮልስዋገን ቢትል ሸራ ጣሪያ ዓይነት በካርማን ድርጅት ይሠራ ስለነበር፣ የጣሪያውን ዕቃ ከተለመደው ቢትል ላይ ማግኘት አይቻልም። የተሰበረውን ዕቃ ራሱን ወይም በካርቶን ላይ የተነሣ ልኩን፣ ግራ ይሁን ቀኝ ተጽፎበት ይያዙ፤ ጀርባው ላይ የተቀረጸ ቁጥር ካለም ይገልብጡት። የፈታነውን ስብርባሪ ለቁራሌው መስጠትም እንዲሁ መቅረት አለበት።

በመጨረሻም ስለ መግጠም። እንደ ላንድሮቨር አካሉ አሉሚኒየም በሆነ መኪና ላይ የብረት ማጠፊያ ያለ መለያ በቀጥታ ከታሰረ፣ የደሴ ክረምት እርጥበት በሁለቱ መካከል ገብቶ አሉሚኒየሙን ወደ ነጭ ዱቄት ይለውጠዋል፤ ከመካከላቸው ስስ ጎማ ማስገባትና የብሎኑን ዙሪያ ግሪስ መቀባት ከሰኔ በፊት መጠናቀቅ ያለበት ሥራ ነው።