የኤንጂንኤክስ ወርከር ከትእዛዝ መስመር

ደብረ ማርቆስ ላለ ትምህርት ቤት የውስጥ ድረ ገጽ ኤንጂንኤክስን (ድረ ገጽ የሚያቀርብ የሰርቨር ፕሮግራም) ለማስኬድ ባለ 2 ኮር አሮጌ ኮምፒውተር አያንስም። መጀመሪያ «ሱዶ ኤንጂንኤክስ ሰረዝ ቲ» ብለው ቅንብሩን ይፈትሹ፤ የተረሳች ሴሚኮለን እዚህ ትያዛለች። ካለፈ ትእዛዙን ያለ «ሰረዝ ቲ» ይድገሙት፤ ኤንጂንኤክስ ይነሳል። ሱዶ ያስፈለገው ከ1024 በታች ያለ ፖርት (የኔትወርክ መግቢያ ቁጥር)፣ ለምሳሌ 80፣ የሩት ማለትም የዋና አስተዳዳሪ ፈቃድ ስለሚጠይቅ ነው።

የወርከሮች (የድረ ገጽ ጥያቄዎችን የሚያስተናግዱ ሂደቶች) ብዛት በቅንብሩ ካልተነገረ 1 ነው፤ ለዚህ ባለ 2 ኮር ማሽን 2 ያድርጉት። ከዚያ በላይ ማብዛት ሜሞሪ መብላት ነው።

ወርከር ቢሞት ማስተሩ፣ ወርከሮቹን የሚመራው ዋና ሂደት፣ ወዲያው ይተካዋል። ማስተሩን ግን ሂደትን በግድ በሚዘጋው «ኪል ሰረዝ 9» እንዳይገድሉት! ወርከሮቹ ፖርት 80ን እንደያዙ ይቀሩና ዳግም ሲያስነሱ ስህተት 98 (አድራሻው ተይዟል) ይመጣል፤ ያኔ ሂደቶችን በሚዘረዝረው «ፒኤስ» ወርከሮቹን ፈልጎ አንድ በአንድ መዝጋት ነው። ቅንብር ሲቀይሩ «ሱዶ ኤንጂንኤክስ ሰረዝ ኤስ ሪሎድ» ይበቃል፤ አሮጌዎቹ ወርከሮች የጀመሩትን ጨርሰው ይወጣሉ።